ከሰዓቱ በስተጀርባ፦ የሩጫ ቴክኒክና ታክቲክ እንዴት ይለካል?

ምሩጽ ይፍጠር በ1980 በሞስኮ ኦሊምፒክ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ድርብ ወርቅ ሲያገኝ፣ ተፎካካሪዎቹን መላ ያሳጣቸው በመጨረሻው ዙር በድንገት የሚያሳየው የፍጥነት ለውጥ ነበር። ሕዝቡ «ማርሽ ቀያሪው» ብሎ የሚጠራው በዚሁ ችሎታው ነው። ስያሜው በፊዚክስ መምህር ዓይን ሲታይ እጅግ ትክክለኛ ምልከታ ነው፤ ያስተዋለው ፍጥነትን ሳይሆን የፍጥነትን ለውጥ ነውና። ሆኖም ምልከታ ገና ልኬት አይደለም። ማርሹ የተቀየረው ስንት ሜትር ሲቀር ነው? ከስንት ወደ ስንት? ፍጥነቱ የጨመረው እርምጃው ረዝሞ ነው ወይስ ቶሎ ቶሎ ተደጋግሞ? ከዚያ በፊት በነበሩት ዙሮችስ ሯጩ የት ቦታ ይዞ ቢሮጥ ነው ለመጨረሻው የሚሆን ጉልበት የተረፈው?

ሰውነት እንቅስቃሴውን የሚፈጽምበት መንገድ ቴክኒክ ነው። ሯጩ በተፎካካሪዎቹ መካከል ሆኖ ጉልበቱን መቼና የት እንደሚያወጣ የሚወስነው ውሳኔ ደግሞ ታክቲክ ነው። በውጤት ሰንጠረዥ ላይ የሚጻፈው አንድ ቁጥር፣ ማለትም የመጨረሻው ሰዓት፣ ሁለቱንም ደባልቆ ይሸፍናቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ቁጥሩን ለመበተን እንሞክራለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ ይሏል።

ሰዓቱ ራሱ ምን ያህል ይታመናል?

በ2000 በሲድኒ በተካሄደው የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ኃይሌ ገብረሥላሴ በ27 ደቂቃ ከ18.20 ሴኮንድ፣ ኬንያዊው ፖል ቴርጋት በ27 ደቂቃ ከ18.29 ሴኮንድ ገቡ። ልዩነቱ 0.09 ሴኮንድ ነው። በዚያው ኦሊምፒክ በወንዶች 100 ሜትር በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል የነበረው ልዩነት 0.12 ሴኮንድ ስለነበር፣ የረጅሙ ሩጫ ፍጻሜ ከአጭሩ የጠበበ ሆኖ አለፈ ማለት ነው።

ይህን ልዩነት የሚለየው መሣሪያ ፎቶ ፊኒሽ ይባላል። ካሜራው የሚያየው የፍጻሜውን መስመር ብቻ ነው። ያንኑ ጠባብ መስመር በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ያነሣና ቀጫጭኖቹን ምስሎች ጎን ለጎን ይደረድራቸዋል፤ በ2024 በፓሪስ የዋለው ካሜራ በሴኮንድ 40,000 ምስል ያነሣ ነበር። እንግዲህ በምስሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋው ቦታ ሳይሆን ጊዜ ነው። መስመሩ ላይ ያረፈ እግር ተጎትቶ እንደ ረዘመ ጀልባ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። እግሩ ለጥቂት ጊዜ ካለበት አልተነቃነቀምና ካሜራው ደጋግሞ ያነሣዋል።

በየክልሉ ታዳጊዎች የሚመረጡት ግን በዚህ ካሜራ አይደለም፤ በአሰልጣኝ እጅ ባለ ስቶፕዎች ነው። ጉዳዩ ቸል የማይባለውም እዚህ ላይ ነው። አንድ የሠለጠነ ሰው ቁልፍ ሲጫን የሚፈጥረው መዋዠቅ 0.1 ሴኮንድ ያህል ነው እንበል። በአንድ ምድብ ውስጥ አብረው የሮጡ ሁለት ልጆች መነሻቸው የጋራ ስለሆነ፣ የመነሻው ስህተት ሲቀናነስ ይጠፋል። በተለያየ ምድብ ለሮጡ ግን አይጠፋም፤ ሁለት መነሻና ሁለት መድረሻ፣ በድምሩ አራት ጭነቶች አሉ። ነጻ ስህተቶች የሚደመሩት በየካሬያቸው ስለሆነ የአራቱ ጥምር ስህተት 0.2 ሴኮንድ ይደርሳል። እንግዲህ ከአንደኛው ምድብ አንዱን አሳልፎ ከሁለተኛው ምድብ ሌላውን በ0.15 ሴኮንድ የጣለ አሰልጣኝ፣ ሁለቱን ልጆች በልኬት አልለየም፤ ዕጣ አወጣ እንጂ።

ከዚህ የባሰም አለ። በ100 ሜትር ሩጫ አሰልጣኙ መድረሻው ላይ ቆሞ የመነሻውን ተኩስ ሰምቶ ሰዓቱን ቢያስነሳ፣ ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ 0.29 ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሰዋል። ሁሉም ልጆች በዚያው ልክ ፈጣን ይሆናሉ፤ መዝገቡም ያማረ ይሆናል። ይህ የተለመደው መዋዠቅ ሳይሆን ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ የሚያዛባ ስህተት ስለሆነ፣ ልኬቱን ደጋግሞ አማካይ በመውሰድ አይስተካከልም። መድኃኒቱ ድምፁን ሳይሆን ጭሱን ወይም የወረደውን ባንዲራ ማየት ነው።

ማርሹ እንዴት ይቀየራል?

የሯጭ ፍጥነት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው፤ የእርምጃ ርዝመትና የእርምጃ ድግግሞሽ። በሲድኒ የኃይሌ አማካይ ፍጥነት በሴኮንድ 6.1 ሜትር ነበር። በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ ሰው በደቂቃ 190 ጊዜ ቢራመድ፣ እያንዳንዱ እርምጃው 1.93 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። አሁን በመጨረሻው ዙር ወደ 7.5 ሜትር በሴኮንድ ይውጣ። ርዝመቱን ሳይለውጥ በድግግሞሽ ብቻ ለማድረግ በደቂቃ 233 እርምጃ ያስፈልገዋል። ድግግሞሹን ሳይለውጥ በርዝመት ብቻ ከሆነ ደግሞ እርምጃው 2.37 ሜትር መድረስ አለበት። ሁለቱም ብቻቸውን የሚቻሉ አይመስሉም። እያንዳንዱ ሯጭ ሁለቱን በራሱ መጠን ይቀላቅላቸዋል፤ የቴክኒክ ልኬት ዋና ሥራም ይህን መጠን ማግኘት ነው።

ለዚህ የተንቀሳቃሽ ስልክ ካሜራ በቂ ነው፤ ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛው የቦታ ነው። ካሜራው ከመሙ በቂ ርቀት ላይ፣ ለሩጫው አቅጣጫ ቀጥ ባለ ማዕዘን መቀመጥ አለበት። የርቀት ምልክቶቹም ሯጩ በሚሮጥበት ረድፍ ላይ ይደረጉ፤ ከጀርባው ካለው አጥር ላይ ከሆኑ ርቀቱ ይዛባል። ሁለተኛው የጊዜ ነው። በዚህ ፍጥነት እግር መሬት ላይ የሚቆየው ከ0.2 ሴኮንድ በታች፣ ለምሳሌ 0.17 ሴኮንድ ነው። በሴኮንድ 30 ምስል የሚያነሣ ካሜራ ይህን በ5 ምስሎች ብቻ ስለሚይዘው፣ የአንድ ምስል ስህተት 20 ከመቶ ይሆናል። በሴኮንድ 240 ምስል ከተነሣ ግን 40 ገደማ ምስሎች ስለሚገኙ ስህተቱ ወደ 2.5 ከመቶ ይወርዳል። በመጀመሪያው ካሜራ ለክቶ «የእግርህ ቆይታ በ10 ከመቶ ተሻሽሏል» የሚል አሰልጣኝ ያየው ልጁን ሳይሆን ካሜራውን ነው።

ታክቲክን በቁጥር

ሽንፈት በመጣ ቁጥር በየሬዲዮው «የታክቲክ ስህተት ነው» ሲባል እንሰማለን። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስህተት ለማለት መጠኑን ማወቅ ይገባል። በ2012 በለንደን የ5,000 ሜትር ፍጻሜ ሞ ፋራህ በ13 ደቂቃ ከ41.66 ሴኮንድ ሲያሸንፍ ደጀን ገብረመስቀል በ0.32 ሴኮንድ ተቀድሞ ብር አገኘ። ደጀን በዚያው ክረምት 12 ደቂቃ ከ46.81 ሴኮንድ ሮጦ ነበር፤ የፋራህ ምርጥ ሰዓት ደግሞ 12 ደቂቃ ከ53.11 ሴኮንድ ነበር። በወረቀት ላይ ፈጣኑ ደጀን ነው። ነገር ግን የደጀን ምርጥ ሰዓት በአንድ ዙር ሲሰላ 61.3 ሴኮንድ ሲሆን፣ የፍጻሜው ውድድር አማካይ ዙር 65.7 ሴኮንድ ነበር። በየዙሩ ከአራት ሴኮንድ በላይ ቀርፏል። ደጀን በወረቀት ላይ የነበረው ብልጫ በዙር ግማሽ ሴኮንድ ሲሆን፣ ያም ዋጋ የሚኖረው ሩጫው ሲፈጥን ብቻ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው የታክቲክ ልኬት የዙር ሰዓቶች ዝርዝር ነው።

ታዲያ ለምን አንዱ ወጥቶ አያፈጥንም? ከፊት መሮጥ ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። አየር ሯጩን ወደኋላ የሚገፋበት ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ልክ ያድጋል። በሴኮንድ 6.1 ሜትር ለሚሮጥ ሰው በባሕር ጠለል ላይ 10 ኒውተን ገደማ፣ በኃይል ፍጆታ ደግሞ 60 ዋት ያህል ይሆናል። እንግሊዛዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ግሪፊዝ ፒዩ በ1971 ባሳተመው ጥናት፣ በሴኮንድ 6 ሜትር የሚሮጥ ሰው ከሌላው በአንድ ሜትር ርቀት ቢከተል የአየሩ ኃይል 80 ከመቶ እንደሚቀንስለትና የኦክስጅን ፍጆታውም 6.5 ከመቶ እንደሚወርድ አሳይቷል። የፒዩ ሙከራ በአንድ ሯጭ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ቁጥሩን እንደ ግምት እንያዘው። ለእኛ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየር እፍግታ ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። እዚህ በልምምድ ላይ ከፊት የመምራትን ዋጋ የለመደ ሯጭ፣ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ሲወዳደር አየሩ በሦስተኛ እጅ ያህል ከብዶ ይጠብቀዋል።

በ2024 የፓሪስ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ዮሚፍ ቀጄልቻ፣ ሰለሞን ባረጋና በሪሁ አረጋዊ አብዛኛውን ሩጫ ከፊት ሆነው እየተፈራረቁ አፈጠኑት። ውጤቱ የቀነኒሳ በቀለን የ2008 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን በ18 ሴኮንድ ያሻሻለ ሩጫ ሆነ። ክብረ ወሰኑን ወርቁን ጨምሮ የወሰደው ግን ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ ነው፤ 26 ደቂቃ ከ43.14። በሪሁ በ43.44 ሁለተኛ፣ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ43.46 ሦስተኛ ሆኑ። ሰባተኛ የወጣው ሰለሞን እንኳ ከአሸናፊው የዘገየው 1.34 ሴኮንድ ነው፤ በርቀት 8 ሜትር ከ40 ሳንቲሜትር ያህል።

ይህን ርቀት በሌላ ሚዛን እንየው። በመሙ ጠምዛዛ ላይ ከውስጠኛው መንገድ አንድ ሜትር ወጥቶ የሚሮጥ ሰው በአንድ ዙር 6.28 ሜትር ትርፍ ይሮጣል። የጠምዛዛው ስፋት ይህን ቁጥር አይለውጠውም፤ የጨመረው ሬዲየስ በሁለት ፓይ መባዛቱ ብቻ ይበቃል። እንግዲህ በፓሪስ ሰባቱን ሯጮች የለያቸው ርቀት፣ አንድ ዙር ከሩብ ተኩል ያልሞላ ጊዜ በሌላው ትከሻ ጎን በመሮጥ ሊጠፋ የሚችል ነው። ይህ ትርፍ ርቀት በውጤት ሰንጠረዥ ላይ አይጻፍም።

ታዲያ የቡድኑ ታክቲክ ስህተት ነበር? በ2021 በቶኪዮ በቀርፋፋ ሩጫ ሰለሞን ያንኑ ቼፕቴጌን በ0.41 ሴኮንድ ቀድሞታል። «በዝግታ እናሸንፋለን፣ በፍጥነት እንሸነፋለን» ለማለት ይቃጣል። በሁለት ነጥብ መካከል ግን ሁልጊዜ መስመር ይሰመራል። «ወርቅ ያገኙት ቀድመው ያልመሩት ናቸው» የሚለውም ቆጠራ ወጥመድ አለው፤ ቀድመው ሳይመሩ የተሸነፉት ከነዚያ እጅግ ይበዛሉና።

በእግር ኳስ ይኸው ስህተት ብዙ ዓመት ዋጋ አስከፍሏል። የብሪታንያ አየር ኃይል የሒሳብ መኮንን የነበረው ቻርልስ ሪፕ ከ1950 ጀምሮ ጨዋታዎችን በእርሳስ እየመዘገበ፣ አብዛኞቹ ጎሎች ከሦስት ባልበለጠ ቅብብል እንደሚገኙ አሳየ። ብዙዎችም ኳስን በረጅሙ መምታት ይሻላል ብለው ተከተሉት። ነገር ግን አብዛኞቹ ቅብብሎች ጎል ይቆጠርባቸውም አይቆጠርባቸው አጭር ናቸው። ሂዩዝና ፍራንክስ በ2005 የጎሎቹን ቁጥር ለየቅብብሉ ብዛት ሲያካፍሉት ረዣዥሞቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ሪፕ በትክክል ቆጥሯል፤ ያላደረገው ማካፈል ነው።

በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ

ይህን ሁሉ ለመሞከር ሦስት ተማሪ፣ አንድ ስልክና አንድ ስቶፕዎች ይበቃሉ። አንዱ የየዙሩን ሰዓት ይመዘግባል። ሁለተኛው በየ200 ሜትሩ ሯጩ ያለበትን ቦታ በፊደል ይጽፋል፤ «ፊ» ከፊት፣ «ኋ» ከኋላ፣ «ው» በውጭ በኩል። ሦስተኛው አንድ ቦታ ላይ ቆሞ እርምጃውን ይቀርጻል። ሩጫው በሌላ ቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ይደገም፤ የልጁ የራሱ ሰዓት ከቀን ወደ ቀን ምን ያህል እንደሚዋዥቅ ሳይታወቅ ከሌላው ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ለምሳሌ አንድ ታዳጊ 3,000 ሜትርን በ9 ደቂቃ ሮጦ ሦስተኛ ወጣ፤ ከአንደኛው የዘገየው በ2 ሴኮንድ ነው እንበል። ወረቀቱ ላይ ለስድስት ዙር «ው» ተጽፎለታል፤ ከውስጡ የራቀው በግማሽ ሜትር ነው። በዙር 3.14 ሜትር፣ በስድስት ዙር 18.8 ሜትር ትርፍ ሮጧል። በራሱ ፍጥነት፣ በሴኮንድ 5.56 ሜትር ሲካፈል፣ 3.4 ሴኮንድ ይመጣል።