የቡና ዋጋ መልእክት ሲደርስዎ፦ ፊውቸር ነው ወይስ ኦፕሽን?

በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ቡና ዋጋው የሚነሣው ከሩቅ ነው። የውጭ ገዢዎች ዋጋ ሲያቀርቡ አብዛኛውን ጊዜ መነሻ የሚያደርጉት የኒውዮርኩን የአረቢካ ውል ነው። ስለዚህ አንድ የቢሾፍቱ ነጋዴ በስልኩ «ኬሲዜድ6» የሚል መልእክት ቢደርሰው አይገርምም። የሚያሠጋው ምንነቱን ሳይለይ «እሺ» ብሎ መመለሱ ነው።

«ኬሲ» ቡናውን ያመለክታል። ቀጥሎ ያለው ፊደል ወሩ ነው፤ ኤች ማርች፣ ኬ ሜይ፣ ኤን ጁላይ፣ ዩ ሴፕቴምበር፣ ዜድ ዲሴምበር። 6 ደግሞ 2026 እ.ኤ.አ. ማለት ነው። መልእክቱ በዚህ ካበቃ የሚያወራው ስለ ፊውቸር ነው። «ፒ 300» ወይም «ሲ 300» የሚል ከተከተለ ግን ኦፕሽን ሆነ፤ ፒ የመሸጥ፣ ሲ የመግዛት መብት ነው። የ«ኬሲ»ው ሲ ከዚህኛው ሲ ጋር ዝምድና የለውም።

የደላላ ድርጅቶች ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ቋንቋ ፊክስ ይባላል። በ1992 እ.ኤ.አ. ፊደሊቲና ሰሎሞን ብራዘርስ ለአክሲዮን ግብይት የጀመሩት ሲሆን፣ እያንዳንዱን ጉዳይ በቁጥር ይጠራል። በቅድሚያ 167ን ይፈልጉ፤ «ፉት» ካለ ፊውቸር፣ «ኦፕት» ካለ ኦፕሽን ነው። በ461 ሥር ስድስት ፊደል ያለው ኮድ ካለም የመጀመሪያው ፊደል ኤፍ ወይም ኦ መሆኑን ማየት ይበቃል። 202 የኦፕሽኑ የስምምነት ዋጋ ነው። በ201 ላይ 0 መሸጥን፣ 1 መግዛትን ያሳያል፤ ብዙዎች ገልብጠው ያነቡታል።

ልዩነቱ በገንዘብ ሲታይ ይከብዳል። አንድ የኒውዮርክ ውል 37,500 ፓውንድ ነው፤ በእኛ 17 ኪሎ ፈረሱላ ቢሰላ 1,000 ፈረሱላ ያህል መሆኑ ነው። ዋጋው በፓውንድ በሳንቲም ስለሚነገር፣ የአንድ ሳንቲም ለውጥ በውል 375 ዶላር ነው። እንበልና ዋጋው 10 ሳንቲም ወረደ። ፊውቸር የገዛው 3,750 ዶላር ከስሯል፤ ገበያው ይበልጥ ከወረደም ኪሳራው ይቀጥላል። በ5 ሳንቲም ፕሪሚየም የመግዛት ኦፕሽን የያዘው ግን ቢበዛ የሚያጣው 1,875 ዶላር ነው። ኦፕሽኑን የሸጠለት ሰው እንዲህ ያለ ጣሪያ የለውም፤ «ገዛ» እና «ሸጠ» የሚለውንም አብሮ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ያስለመደን መጋዘን የገባ፣ ደረጃው የታወቀ ዕቃ መሸጥና መግዛትን ነው። በዚያ ልማድ ለሠራ ነጋዴ የወሩ ፊደል የማስረከቢያ ቀን ይመስለዋል። በኒውዮርክ ቡና የዲሴምበር ኦፕሽን ጊዜው የሚያልፈው በኖቬምበር ነው። ዲሴምበርን ሲጠብቅ የቆየ ባለመብት መብቱ ያልፍበታል፤ ፕሪሚየሙም አይመለስለትም።