ባለ ሁለት ጎማ ትራክተርና የሚታመን ሻጭ ስለ መምረጥ

ገበሬ ለእርሻው ሞተር ሲገዛ ከገንዘቡ ጋራ የዓመቱን አዝመራ አብሮ ያስይዛል። በሬውን ሸጦ የገዛው ሞተር በሰኔ ወር፣ በዘር ሰዓት ቢቆምበት በሬም የለ፣ ሞተርም የለ፤ ዝናም ግን ሰው አይጠብቅም። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ማሳም መንገድም የሚችለውን ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር እንዴት እንደሚመርጡና ሻጩን እንዴት እንደሚያውቁ እንገልጻለን። የልማት ሠራተኞችም ትምህርቱን ለገበሬዎች እያነበቡ ቢያወያዩበት ይጠቅማል።

1. መሣሪያው ምንድን ነው?

ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር፣ ብዙ ሰው ዎኪንግ ትራክተር የሚለው፣ ሰው ከኋላው እየሄደ በሁለት እጀታ የሚነዳው ትንሽ ትራክተር ነው። ማረሻ ቢያያይዙለት ያርሳል፤ ተሳቢ ቢያያይዙለት እህል፣ ማዳበሪያና ውሃ ይጭናል፤ በቆመበትም በቺንጋ የውሃ መሳቢያ ወይም የበቆሎ መፈልፈያ ያዞራል። ትልቅ መኪና በማይገባበት በጠባብ ማሳና በእግር መንገድ ስለሚያልፍ ለአነስተኛ ገበሬ የሚስማማ ነው።

በባንግላዴሽ አገር እ.ኤ.አ. በ1988 የጥፋት ውሃ ብዙ የእርሻ ከብት ከፈጀ በኋላ ይህ መሣሪያ በብዛት ገባ። ዛሬ የዚያን አገር እርሻ አብዛኛውን የሚያርሰው እርሱ ነው። ነገር ግን ገበሬው ሁሉ አልገዛውም፤ ጥቂቶች ገዝተው ለጎረቤቶቻቸው በኪራይ ያርሳሉ። በአገራችንም፣ በኬንያ፣ በታንዛኒያና በዚምባብዌም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በተካሄደ የምርምር ሥራ መሣሪያው በገበሬ ማሳ ላይ ተሞክሯል።

2. አስቀድሞ ሥራን መቍጠር

ከመግዛትዎ በፊት በዓመት ስንት ቀን እንደሚሠራ ይቍጠሩ። አንድ ሄክታር መሬት ብቻ ያለው ገበሬ ለራሱ ማሳ ብቻ ቢገዛው ሞተሩ አብዛኛውን ዓመት ቆሞ ይከርማል፤ ወጪውንም አይመልስም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አስቀድመው ይወቁ። አንደኛ፣ የሚያከራዩት ለማን ነው? ሁለተኛ፣ ከእርሻ ወቅት ውጭ የሚጫን ወይም የሚፈለፈል ሥራ አለ? ሦስተኛ፣ ናፍጣ ከየት ይመጣል? ባለ 12 ፈረስ ጉልበት ሞተር በመካከለኛ ሥራ ላይ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ሊትር ያህል ናፍጣ ይጨርሳል። መልሱ ካልተገኘ ብቻዎን ከመግዛት ከአራት ወይም ከአምስት ጎረቤት ጋራ በማኅበር መግዛት ይሻላል። በማኅበር ሲገዙ ማን እንደሚነዳ፣ ማን እንደሚጠግንና ተራው የማን እንደ ሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ።

3. የሞተር ጉልበትና የአገሩ ከፍታ

በሞተሩ ላይ የተጻፈው ጉልበት የተለካው በቆላ፣ በባሕር ወለል ከፍታ አጠገብ ነው። ወደ ደጋ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፤ ልኩም በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ነው። እንግዲህ ባለ 12 ፈረስ ጉልበት ሞተር 1,800 ሜትር ከፍታ ባላት በባሕር ዳር ወደ 10 ይወርዳል፤ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን ደግሞ ከ9 ያንሳል። ስለዚህ የደጋ ገበሬ፣ ይልቁንም ጥቁር አፈር የሚያርስ፣ ከቆላው ገበሬ የበለጠ ጉልበት ያለውን ሞተር ይምረጥ። ጉልበቱ በኪሎ ዋት የተጻፈ እንደ ሆነ 1 ፈረስ ጉልበት ሦስት አራተኛ ኪሎ ዋት ያህል መሆኑን ያስታውሱ። ከባድ ሥራ ለሚጠብቀው የናፍጣ ሞተር ከቤንዚን ሞተር ይሻላል፤ ክብደቱ ቢበዛም ነዳጅ ይቆጥባል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው።

4. ሲገዙ የሚመረመሩ ነገሮች

ሀ. ጎማ። ጥርሱ ጥልቅ የሆነውን ይምረጡ። ለጭቃ ማሳ የሚሆን የብረት ጎማ አብሮ መኖሩን ይጠይቁ።

ለ. የአየር ፊልትሮ። በአቧራ ለሚሠራ ሞተር ዋነኛ ጠባቂው ይህ ነው። በቀላሉ የሚከፈትና የሚታጠብ ይሁን።

ሐ. ፍሬን። ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ፍሬን የሌለው ተሳቢ ዋጋው ቢረክስም አይግዙት።

መ. መከለያ። ቺንጋውና የሚሽከረከረው ማረሻ በቆርቆሮ የተከለሉ ይሁኑ፤ ልብስና እግር ይይዛሉና።

ሠ. አነሣስ። ራስዎ በማኖቬላ አስነሥተው ይዩት። ሻጩ ብቻ የሚያስነሣው ሞተር በማሳ ላይ አይነሣልዎትም።

ያገለገለ ሞተር ሲገዙ ደግሞ እንደ ደረሱ ሞተሩን በእጅዎ ይንኩ። አስቀድሞ ሞቆ ካገኙት ጉድለቱ በማሞቅ ተሸፍኖ ይሆናልና እስኪቀዘቅዝ ጠብቀው ያስነሡት። ጭሱንም ይመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እንደሚበላ፣ ምናልባትም ፋሻው እንዳለቀ ያሳያል። ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ጥቁር ጭስ አየር እንዳነሰው ወይም ናፍጣ እንደ በዛበት ያመለክታል። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል፤ እንዲህ ያለውን ሞተር ይተዉት።

5. የሚታመን ሻጭ በምን ይታወቃል?

ሻጭን በአነጋገሩ ወይም በሱቁ ማማር አይመዝኑት፤ በመለዋወጫ መጋዘኑ ይመዝኑት። ቺንጋ፣ የናፍጣ ፊልትሮና የፍሪሲዮን ሸራ አሁኑኑ አውጥቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁ። «ሲያስፈልግ እናስመጣለን» የሚል ከሆነ በዘር ሰዓት የሚሰጥዎ መልስም ይኸው ነው።

ቀጥሎም ከሁለት ዓመት በፊት ከእርሱ የገዙ ገበሬዎች የት እንዳሉ ይጠይቁ። እርሱ ወደ መረጠልዎ ሰው ብቻ አይሂዱ፤ ሌላም ሰው ራስዎ ፈልገው ያነጋግሩ። ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደ ቆመ፣ መካኒክ በስንት ቀን እንደ መጣ ይጠይቁ። ጥሩ ሻጭ ይህን ጥያቄ አይፈራም።

ዋጋውን ከመጨረስዎ በፊት ትራክተሩ በራስዎ ማሳ ላይ፣ ካልሆነም በሻጩ አቅራቢያ ባለ ማሳ ላይ ግማሽ ቀን ቢሠራ መልካም ነው። «ዛሬ ካልገዛህ ነገ ዋጋው ይጨምራል» እያለ የሚያጣድፍዎን ይጠንቀቁት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ሲከፍሉም ሕጋዊ ደረሰኝ ይቀበሉ። በሽያጩ ወረቀት ላይ የሚከተሉት ይጻፉ፤

— የትራክተሩ ዓይነት፣ የሞተሩ ቍጥርና የሻንሲው ቍጥር፤
— አብረው የተሸጡት ዕቃዎች በዝርዝር፤
— ዋስትናው ለስንት ወር ወይም ለስንት ሰዓት ሥራ እንደ ሆነ፣ የትኛውን ክፍል እንደሚሸፍንም፤
— ሲበላሽ የመጓጓዣውንና የመካኒኩን ወጪ ማን እንደሚችል።

ቍጥሩን በሞተሩ ላይ ካለው ጋራ ራስዎ ያስተያዩ፤ ማንበብ ካልቻሉ የሚያምኑትን ልጅ ወይም የልማት ሠራተኛውን ይዘው ይሂዱ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ገዢ ዕቃውን ቶሎ እንዲመረምርና ጉድለት ያገኘ እንደ ሆነ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ስለዚህ ትራክተሩን ገዝተው እስከ ክረምት ጎተራ ውስጥ አያቁሙት። በገዙበት ሳምንት ያሠሩት፤ ጉድለት ቢያገኙ በጽሑፍ ያስታውቁ፤ ግልባጩንም ያስቀምጡ።

6. ስለ ቁልቁለት ማስጠንቀቂያ

ይህን ነገር የማይነግር ሻጭ ብዙ ነው። ትራክተሩ በሜዳ ሲሄድ የቀኙን መጭመቂያ ቢጨብጡ ወደ ቀኝ ይዞራል። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ የተለቀቀው የቀኝ ጎማ ይፈጥናል፣ የግራውን ሞተሩ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ትራክተሩ ወደ ግራ ይዞራል። ይህን ያላወቀ ነጂ ከገደል ለመሸሽ ሲል ወደ ገደል ይገባል። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ቆመው ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ በቁልቁለት ማርሽ አይለውጡ፣ ፍሪሲዮን አይርገጡ ወይም አይሳቡ፤ መጭመቂያውንም ትተው በእጀታው ብቻ ይምሩት። ሰው በጭነት ላይ አይቀመጥ።

7. ከገዙ በኋላ

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሞተሩን በሙሉ ኀይሉ አያሠሩት። የመጀመሪያውን ዘይት መመሪያው በሚያዝዘው ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ከ50 ሰዓት ሥራ በፊት፣ ይለውጡ። በየቀኑ ከማስነሣት በፊት ዘይቱን፣ ውሃውንና የአየር ፊልትሮውን ይመልከቱ፤ ቡሎኖችንም ያጥብቁ። የሠራበትን ሰዓትና የወጣውን ገንዘብ በደብተር ይጻፉ። በሬዎችንም በመጀመሪያው ዓመት አይሽጡ። ሞተሩ አንድ ሙሉ የዘር ወቅት ካለፈ፣ ሻጩም በተጠራ ጊዜ ከመጣ፣ የዚያን ጊዜ ደብተሩን አይተው ይወስኑ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችን አንድ ትራክተር በዓመት ስንት ቀን ሥራ ያገኛል?
2. ቀበሌያችን ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ከፍ ይላል? ባለ 15 ፈረስ ጉልበት ሞተር በዚህ ስንት ይቀርለታል?
3. ለእኛ ቅርብ የሆነው መካኒክ የት ነው? በክረምት መንገዱ ሲቆረጥ እንዴት ይደርስልናል?
4. ጭነት ይዞ በሚወርድ ትራክተር ላይ የግራው መጭመቂያ ቢጨበጥ ወዴት ይዞራል?