እሾሁ ብቻ አይበቃም፤ ሂስፓን እንዴት እንለየዋለን?

በአውሮፓ መስክ፣ ሣር ላይ፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚረዝምና ጀርባው እሾህ የለበሰ ጥቁር ጥንዚዛ አገኘን እንበል። ሊኔየስ በ1767 (እ.ኤ.አ.) ሂስፓ አትራ ብሎ የሰየመው ዝርያ ይህን ይመስላል። እጩ በሣር ቅጠል ውስጥ ተሸሽጎ፣ ቅጠሉን ከውስጥ እየበላ ያድጋል።

ይሁን እንጂ ለመሰየም አንቸኩል። ዲክላዲስፓ የተባለው ጂነስም እሾሃማ ነው። ምግቡም ለብቻው አይለየውም፤ በባንግላዴሽና በሕንድ ሩዝን የሚያጠቃው ዲክላዲስፓ አርሚጄራ ሣር በል ነው፤ ሩዝ የሣር ወገን ነውና። መልኩም ጠቆር ያለ ነው። ቀድሞም በሂስፓ ሥር ተመድቦ ነበር።

እንደምናውቀው፣ ለሁለት የተለያዩ ነገሮች አንድ ዓይነት ንባብ የሚሰጥ መለኪያ ሁለቱን አይለይም። በመሆኑም ሌላ ምልክት እንፈልግ። 10 እጥፍ በሚያጎላ መነጽር አንቴናውን እንመልከት። የሂስፓ አንቴና የመጀመሪያ አንጓ ረጅም እሾህ አለው፤ የዲክላዲስፓ አንቴና ግን እሾህ አልባ ነው።

ይህን ሳናይ ብንሰይም፣ ስለ ሩዝ ተባዩ የተጻፈውን ሁሉ ለሌላ ነፍሳት እንሰጣለን። ስለዚህ አስቀድመን እንመልከት፤ ከዚያ እንሰይም።