ኮክና የዱር ዘመዶቹ

ኮክ በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎቻችን በየጓሮው የሚታይ ፍሬ በመሆኑ ለአብዛኞቻችን እንግዳ አይደለም። የዘር ታሪኩ ግን ያን ያህል አይታወቅም። በዚህ ጽሑፍ የኮክ የቅርብ ዘመዶች እነማን እንደሆኑ፣ የዘረመል ብዝኀነቱ ለምን እንደጠበበና ይህ ጥበት ምን ስጋት እንደሚያስከትል እንመለከታለን።

ስሙና አገሩ

ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ለኮክ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ «ፐርሲካ» ማለትም «የፋርስ» ብሎታል። አውሮጳውያን ፍሬውን ያገኙት በፋርስ በኩል ስለነበር የትውልድ አገሩም ያው መስሏቸው ነበር። ይሁንና ኮክ የቻይና ተወላጅ ነው። በኩንሚንግ ከተማ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የኮክ ዘር ቅሪተ አካላት መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ሆኗል።

መልክ ያታልላል

ዝምድናን በመልክ ብቻ መለካት ያሳስታል። ጸጉር የሌለው፣ ልጣጩ ለስላሳ የሆነው ኔክታሪን ለዓይን ሌላ ዝርያ ይመስላል። ነገር ግን ራሱ ኮክ ነው፤ ልዩነቱ የመነጨው ከአንድ ዘረመል ለውጥ ነው። በመካከለኛው እስያ የፈርጋና ሸለቆ የሚበቅለውም ኮክ በቅጠሉ ሥሮችና በዘሩ ቅርፊት መስመሮች የተነሳ የተለየ ዝርያ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። የዘረመል ጥናት ግን ከተራው ኮክ ጋር መድቦታል።

እውነተኞቹ የዱር ዘመዶች ሌሎች ናቸው። በሰሜን ምዕራብ ቻይና ፕሩኑስ ካንሱየንሲስ፣ በሰሜን ቻይና ፍሬው ደረቅና የማይበላ የሆነው ፕሩኑስ ዳቪዲያና፣ በቲቤት ከፍታዎች ደግሞ የዘሩ ቅርፊት ለስላሳ የሆነው ፕሩኑስ ሚራ ይገኛሉ። አልሞንድም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ከኮክ ጋር የተለያየው ከ5 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመታት በፊት እንደሆነ ይገመታል። ሁሉም 8 ጥንድ ክሮሞሶሞች ስላሏቸውና የተቀራረቡ በመሆናቸው ከኮክ ጋር ሊዳቀሉ ይችላሉ።

ብዝኀነቱ ለምን ጠበበ?

አልሞንድ ዘር ለመያዝ ከሌላ ዛፍ የመጣ የአበባ ብናኝ ይፈልጋል። ኮክ ግን በራሱ ብናኝ ዘር መያዝ ይችላል። የዚህን ውጤት በስሌት እንመልከት። አንድ ተክል ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ያሏቸው 80 ዘረመሎች አሉት እንበል። ራሱን በራሱ ባዳቀለ ቁጥር ይህ አኃዝ በአማካይ በግማሽ ይቀንሳል፦ 40፣ 20፣ 10፣ 5። በአራት ትውልድ ውስጥ ከ80ው የሚቀሩት 5 ብቻ ናቸው። ከዘር የበቀለ ኮክ እናቱን የሚመስለውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ላይ የሰው ምርጫ ታክሎበታል። እ.ኤ.አ. በ1850 ገደማ ከቻይና ወደ አሜሪካ የገባው «ቻይኒዝ ክሊንግ» የተባለው ኮክ በርካታ የአሜሪካ የንግድ ዓይነቶች የተገኙበት ወላጅ ነው። ወላጆች ጥቂት ሲሆኑ የልጆች ብዛት ብዝኀነትን አያመጣም። አንዱን የሚያጠቃ በሽታ ሌሎቹንም የማጥቃት ዕድሉ ሰፊ ነው።

የዱሮቹ ጥቅም

መፍትሔው የሚገኘው ማንም ከማይበላቸው ዘመዶች ነው። ፕሩኑስ ዳቪዲያና ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚሸፍነውን የፈንገስ በሽታ የሚቋቋሙ ዘረመሎች አሉት። ተመራማሪዎች ከኮክ ጋር ካዳቀሉት በኋላ የዱሩ መጥፎ ጣዕም እንዲጠፋ ልጆቹን ለተከታታይ ትውልዶች መልሰው ከኮክ ጋር ያዳቅላሉ። «ጂ ኤፍ 677» የተባለው የኮክና የአልሞንድ ድቅል ደግሞ የኮክ ቅርንጫፍ የሚጣበቅበት ሥር ሆኖ ያገለግላል፤ ኮክ ብረት አጥቶ ቅጠሉ በሚቢጫበት ኖራማ አፈር ላይ ይጸናል።

ይህ ትምህርት ለእኛም ቅርብ ነው። አረቢካ ቡናም እንደ ኮክ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል፣ ከጥቂት ተክሎች ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰ ሰብል ነው። የቻይና ተራሮች ለኮክ እንደሆኑት ሁሉ፣ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ለቡና የብዝኀነት ጎተራ ናቸው። አንድ የዱር ተክል ዛሬ ጥቅም አልሰጠም ተብሎ ከጠፋ፣ የነገ በሽታ ሲመጣ የምንመለስበት ዘር አይኖረንም።