በሸራ ላይ የታተመችው ፀሐይ

ዝነኛ የተፈጥሮ ገጽታ ሥዕሎች ዛሬ በሸራ ላይ እየታተሙና በፍሬም እየተወጠሩ የመኖሪያ ቤት ማስጌጫ ሆነዋል። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ስፋታቸውና ስለ ዋጋቸው ነው። ለመሆኑ ቅጂው ከዋናው ሥዕል ምን ያህሉን ይዞ ይመጣል? ስንት ዘመንስ ይቆያል? መልሱን ከብርሃን ፊዚክስ እናገኛለን።

ለምሳሌ ያህል ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1872 በለ አቭር ወደብ የፀሐይን መውጣት ያሳየበትን ሥዕል እንውሰድ። ሥዕሉ 48 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 63 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው፤ ዛሬ በፓሪስ በማርሞታን ሞኔ ሙዚየም ይገኛል። «ኢምፕሬሽኒዝም» የተባለው የሥዕል ስልት ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ሥዕል ርዕስ ነው።

ቀለምና ድምቀት

በሥዕሉ ላይ ብርቱካናማዋ ፀሐይ ከግራጫው ሰማይ ጎልታ ትታያለች። ሥዕሉ በጥቁርና ነጭ ሲነሣ ግን ልትሰወር ትቃረባለች። ምክንያቱም የፀሐይዋ ድምቀት በዙሪያዋ ካለው ሰማይ ድምቀት ጋር እኩል ለመሆን ጥቂት ብቻ ይቀረዋል፤ ሁለቱን የሚለያቸው የቀለም ዓይነት ነው። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲዋ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ማርጋሬት ሊቪንግስተን እንዳብራሩት፣ ቦታንና እንቅስቃሴን የሚለየው የአንጎላችን ክፍል የሚመለከተው ድምቀትን እንጂ ቀለምን አይደለም። ለዚህ ክፍል ፀሐይዋ የለችም ማለት ይቻላል፤ ቀለምን የሚለየው ክፍል ግን በግልጽ ያያታል። የምትርገበገብ የምትመስለውም ከዚህ የተነሣ ነው። አታሚው ምስሉን ለማሳመር ሲል ፀሐይዋን ቢያደምቃት ሚዛኑ ይፈርሳል፤ ቅጂው ያማረ ቢመስልም የሥዕሉ ምሥጢር ጠፍቷል።

አንድ መልክ፣ ሁለት ምንጭ

ዓይናችን ቀለምን የሚለየው በሦስት ዓይነት የኮን ሴሎች ነው። የሞገድ ርዝመት ስብጥራቸው የተለያየ ሁለት ብርሃኖች በእነዚህ ሴሎች ላይ እኩል ምላሽ ካስነሡ አንድ ቀለም መስለው ይታያሉ። የማተሚያ መሣሪያ ሞኔ የተጠቀመባቸውን ቀለሞች አይጠቀምም፤ በመሠረቱ ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር ነጥቦችን አቀናጅቶ ተመሳሳይ ምላሽ ያስነሣል። ይሁን እንጂ በአንድ የብርሃን ምንጭ ሥር የተመሳሰሉ ቀለሞች በሌላው ሥር ሊለያዩ ይችላሉ። ይህ ክስተት ሜታሜሪዝም ይባላል። ስለዚህ ቅጂን በሱቅ መብራት ብቻ አይቶ መግዛት አይበቃም፤ በቀን ብርሃንም መመልከት ይገባል።

ስንት ፒክስል?

ጤናማ ዓይን ሊለየው የሚችለው ትንሹ ማዕዘን የአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ያህል ነው። ይህ በ2 ሜትር ርቀት 0.58 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሥዕሉን ወርድ በእጥፍ አሳድገን 126 ሴንቲ ሜትር ብናደርገው፣ ከ2 ሜትር ለሚመለከት ሰው በወርዱ 2,200 ገደማ ፒክስል ይበቃል። ከግማሽ ሜትር ለሚመለከት ግን 8,700 ገደማ ያስፈልጋል። እንግዲህ ምስሉ የሚሰቀልበትን ቦታ ሳያውቁ ስለ ጥራቱ መናገር አይቻልም።

የመደብዘዝ ምክንያት

የፎቶን ኃይል ከሞገድ ርዝመቱ ጋር በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። የ700 ናኖ ሜትር ቀይ ብርሃን ፎቶን 1.8 ኤሌክትሮን ቮልት ሲይዝ የ350 ናኖ ሜትር አልትራቫዮሌት ፎቶን 3.5 ይይዛል። ይህ ኃይል የቀለም ሞለኪውሎችን ትስስር ሊበጥስ ይችላል፤ የመስኮት መስተዋትም አልትራቫዮሌትን ሁሉ አያግድም። ጉዳቱ በግምት የብርሃኑ መጠንና የጊዜው ብዜት ነው። ሙዚየሞች ለዘይት ቀለም ሥዕል በተለምዶ የሚፈቅዱት 200 ሉክስ ያህል ሲሆን፣ ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ይደርሳል። ስለሆነም አንድ ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ቢያንስ ከ500 የሙዚየም ሰዓታት ጋር ይነጻጸራል። ብርቱካናማው የሚገኘው ከቢጫና ከማጀንታ ቅልቅል በመሆኑ፣ አንዱ ቀድሞ ከደበዘዘ የፀሐይዋ ቀለምም ድምቀትም ይዛባል። ፒግመንት በሚባሉት የማይሟሙ የቀለም ቅንጣቶች የታተመ ቅጂ በአብዛኛው የተሻለ ዕድሜ አለው፤ እርሱም ቢሆን ፀሐይ በቀጥታ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሰቀል።

ሙከራ

የዚህን ሥዕል ቅጂ ያገኘ አንባቢ በሞባይል ስልኩ በጥቁርና ነጭ ያንሣው። ፀሐይዋ ከሰማዩ ጋር ተመሳስላ ልትጠፋ ከተቃረበች አታሚው ሚዛኑን ጠብቋል። ነጭ ክብ ሆና ከወጣች ግን የተገዛው ሌላ ፀሐይ ነው።