ጭቃ የጠገበች ሞተር ሳይክል እንዴት ትታጠብ?

ጥያቄ፦ ሞተር ሳይክሌን በየቀኑ እነዳታለሁ። በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። በሳምንት አንዴ በከፍተኛ ግፊት ውሃ አሳጥባታለሁ። ጉዳት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ እጥበቱ አልበዛም፤ ችግሩ ግፊቱ ነው። ከቅርብ የሚረጭ ኃይለኛ ውሃ የጎማው ኩሽኔታ ውስጥ ሰርጎ ግራሶውን ያጥባል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ መጋጠሚያዎችንም ለዝገት ይዳርጋል። ባልዲ፣ ስፖንጅና ቀስ ብሎ የሚወርድ ውሃ ይበቃል።

መጀመሪያ ሞተሩና ማርሚታው ይቀዝቅዙ። የደረቀ ጭቃ ሳይርስ ከተፈተገ፣ በውስጡ ያለው አሸዋ ቀለሙን ይቧጭረዋል። ስለዚህ በውሃ ይለስልስ፤ ከዚያ በመኪና ሻምፖ ከላይ ወደ ታች ይታጠብ። የልብስ ሳሙና ዱቄት የቀለሙን ሰም ስለሚገፍ አይመከርም። ለጎማና ለቸርኬ የተለየ ስፖንጅ ይያዝ።

ብዙ ሰው የሚዘለው ካቴናውን ነው። አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል እንደ ሞረድ ሆኖ ካቴናውንም ጥርሱንም ይበላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የኋላው ጎማ በእጅ እየተሽከረከረ፣ ካቴናው በብሩሽና በነጭ ጋዝ ይጸዳል። ቤንዚን ግን ቀለበት ጎሚኒ ያላቸውን ካቴናዎች ያበላሻል። ከደረቀ በኋላ በውስጥ በኩል ባለ 90 ቁጥር የካምቢዮ ዘይት ይቀባል፤ የተረፈው በጨርቅ ይጠረጋል። ይህ በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ዝናብ ከበዛም ቀደም ብሎ ቢደረግ ጥሩ ነው።

ዘይቱ ፍሬን ላይ እንዳይንጠባጠብ ጥንቃቄ ያሻል። የረጠበ ፍሬን ወዲያው ስለማይዝ፣ አሽከርካሪው ዋና መንገድ ከመግባቱ በፊት በዝግታ እየነዳ ደጋግሞ ይያዘው።