የተሰጠንን ጸጋ ማወቅና ለሌላው ማዋል

በየቁምስናችን ደጋግመን የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ፤ «እኔ ምን ጸጋ አለኝ? ጸጋ ያላቸው ካህናትና ደናግል ናቸው» የሚል። አነጋገሩ ትሕትና ይመስላል። ጠጋ ብለን ስንመረምረው ግን መንፈስ ቅዱስ በጥምቀትና በሜሮን የሰጠንን እንዳልተሰጠን የሚቆጥር ሆኖ እናገኘዋለን። ስለዚህ ጸጋ ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ፣ የተሰጠንን እንዴት እንደምናውቅና በምን እንደምናውለው በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

ሁለት ዓይነት ስጦታዎች

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን መለየት ይገባናል። ከጥበብ እስከ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያሉት ሰባቱ የመንፈስ ቅዱስ ሀብታት በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ላይ የተመሠረቱ ሲሆኑ፣ የሚሰጡን እኛ ራሳችን እንድንቀደስ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 12 እና በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 የሚዘረዝራቸው ግን በግሪክኛ «ካሪዝማ» የሚባሉት ልዩ ልዩ ጸጋዎች ናቸው። ማስተማር፣ መምከር፣ ማስተዳደር፣ መስጠት፣ ለተቸገረ መራራት፣ መፈወስና በልሳን መናገር ከእነዚሁ መካከል ይገኛሉ። እነዚህ የሚሰጡት ለተቀባዩ ክብር ሳይሆን ለመላው አካል ጥቅም ነው።

የቆሮንቶስ ምእመናን ይህን በመዘንጋታቸው ጎልቶ የሚሰማውን ጸጋ አላቁ፤ በዝምታ የሚያገለግለውን ናቁ። ሐዋርያው ስለ ጸጋዎች በሚናገርባቸው ምዕራፍ 12 እና 14 መካከል የፍቅርን ትምህርት ማስገባቱ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ድንጋጌ፣ በቁጥር 12፣ መንፈስ ቅዱስ ልዩ ጸጋዎችን በየማዕረጉ ላሉት ምእመናን ሁሉ እንደሚያድል አስተምሯል። አስደናቂዎቹም ሆኑ ተራ የሚመስሉት በምስጋና ሊቀበሉ ይገባል። እውነተኛነታቸውን መመርመር የእረኞች ኃላፊነት ነው፤ ይሁን እንጂ እረኞች መንፈስን እንዳያጠፉ ጉባኤው አደራ ይላል።

ከራሳችን ጥፋት የተማርነው

ይህን አደራ እኛም በአንድ ወቅት ዘንግተነው ነበር። ከዓመታት በፊት በአንድ የገጠር ቁምስና ስናገለግል፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ አንዲት እናት ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ቀረብ ብለው «አባ፣ እገሌ ታሟል፤ እገሊት ቤት ኀዘን ገብቷል» ይሉን ነበር። እኛም እንደ ወሬ ቆጠርነው። የቁምስናውን ምክር ቤት ስናቋቁም የተማሩትንና አንደበተ ርቱዓን የሆኑትን መረጥን፤ እርሳቸውን ግን አላሰብናቸውም። በኋላ እኚህ እናት ልጃቸውን ተከትለው ወደ ከተማ ሄዱ። በዚያው ክረምት ሁለት አረጋውያን ምሥጢረ ቀንዲልን ሳይቀበሉ ዐረፉ፤ መታመማቸውን የነገረን አልነበረምና። በፊታችን ስንት ጊዜ የቆመው ጸጋ ምን እንደ ነበረ ያን ጊዜ ገባን። ጸጋቸውን ስላላወቅንላቸው የሚተካቸውን ሰው አላዘጋጀንም። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ጸጋን እንዴት እናውቃለን?

አንደኛ፣ በጸሎት፤ ሰጪውን ሳይጠይቁ ስጦታውን ማወቅ አይቻልም። ሁለተኛ፣ ልባችን የሚነካበትን የሌላውን ችግር በማስተዋል፤ አንዱ የታመመ ሲያይ፣ ሌላው ትምህርት ያጣ ሕፃን ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። ሦስተኛ፣ በሥራ በመሞከር፤ ሳያስተምር የማስተማር ጸጋ እንዳለው ያወቀ የለም። አራተኛ፣ በሌሎች ምስክርነት፤ ራሳችንን አሳንሰንም አግንነንም ልናይ ስለምንችል፣ የወንድሞችና የእኅቶች ቃል እንዲሁም የቆሞሱ ምክር ያስፈልገናል። በመጨረሻም በፍሬው ነው፤ ሰላምንና አንድነትን የሚያፈርስ፣ ምክርንም የሚጠላ «ጸጋ» ሊጠረጠር ይገባዋል።

በተፈጥሮና በትምህርት ያገኘነውም ለእግዚአብሔር ሲሰጥ ለሌሎች በረከት ይሆናል። ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል ከቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር ሳይገናኙ በፊት በሊቅነት የታወቁ መነኩሴ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1844 ወደ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ያን ዕውቀት አልጣሉትም፤ ትምህርተ ክርስቶስን ለማዘጋጀትና ለክህነት የሚታጩትን ለማስተማር አዋሉት። እ.ኤ.አ. በ1855 ስለ እምነታቸው በእስር ላይ ሳሉ ዐረፉ፤ እ.ኤ.አ. በ1926ም ብፅዕናቸው ታወጀ።

አንዲቱ መክሊት

በማቴዎስ 25 የምናነበው ሦስተኛው አገልጋይ የተቀበለው አንድ መክሊት ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነበር፤ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህ «ጥቂት» የተሰጠው ሰው የ6,000 ቀን ደመወዝ በእጁ ነበረ ማለት ነው። የተወቀሰው ጥቂት ስለ ተቀበለ ሳይሆን ፈርቶ ስለ ቀበረው ነው።

እንግዲህ «ምን አለኝ?» ከማለት ይልቅ «የተሰጠኝን የት ቀበርሁት?» ብለን እንጠይቅ። እኛ ካህናትም «በሕዝባችን መካከል የማንን ጸጋ ሳናይ አለፍን?» እንበል።

ለአስተንትኖ

1. ሰዎች ደጋግመው ወደ እኔ የሚመጡት ለምን ዓይነት እርዳታ ነው?
2. በቁምስናችን በዝምታ የሚያገለግል፣ ነገር ግን ያላመሰገንነው ማን ነው?
3. እስከሚቀጥለው እሑድ ድረስ በጸጋዬ ማንን ላገለግል እችላለሁ?

ጸጋን ሁሉ የሚያድል መንፈስ ቅዱስ ዓይነ ልቡናችንን ያብራልን። አሜን።